ከድንች ለድንች የተሰጠ ጂን፦ አባቴ ቢተክለው ምን ችግር አለው?

1 — የባንጃ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ በሆዴ ይዤው ነበር። ዛሬ ላውጣው።

ያደግኩት ባንጃ ነው። ቤተሰቦቼ ድንች አምራቾች ናቸው። ከሁለት ሳምንት በፊት ቤት ስሄድ አባቴን መርጫውን በጀርባው አዝሎ ማሳ ውስጥ አገኘሁት። አፍና አፍንጫውን በነጠላ ጠቅልሏል። ጓንት የለውም። መርጫው ከታች በኩል ስለሚያፈስ የሸሚዙ ጀርባ በመድኃኒቱ ቢጫ ሆኗል። «ስንተኛህ ነው?» አልኩት። «አምስተኛዬ ነው። ዝናቡ ካላባራ ገና እደግማለሁ» አለኝ።

ከዚያ አንድ ቅጠል ገልብጦ አሳየኝ። ከላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለው፤ ዙሪያው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው። ከሥሩ ደግሞ እንደ ዱቄት የነጣ ስስ ጸጉር ይታያል። ጤዛው ሳይረግፍ በጠዋት ካላየኸው አታገኘውም። በሦስተኛው ቀን ያ የማሳው ጥግ ጠቁሮ ወደቀ። ሽታውን ድንች ያመረተ ሰው ያውቀዋል። እኛ ሰፈር «ምች መታው» ይባላል። ግብርናዎች ሌት ብላይት ይሉታል።

ከተመለስኩ ጀምሮ ስለ «ሲስጄኒክ» ተክሎች እያነበብኩ ነው። ለተክሉ አዲስ ጂን (ባሕርዩን የሚወስን የዲ ኤን ኤ ክፍል) ይሰጠዋል፤ ግን ጂኑ የሚመጣው ከባክቴሪያ ወይም ከሌላ ፍጥረት አይደለም። ከራሱ ዝርያ ወይም በተፈጥሮ ሊዳቀለው ከሚችል የዱር ዘመዱ ነው። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. «እንዲህ ያለው ተክል ከሌላው ልውጥ ሕያው (ጂ ኤም ኦ) ጋር በአንድ ዓይን መታየት የለበትም» ብለው በይፋ ተከራክረዋል።

እኔም እንደዚያው ይመስለኛል። የድንች ጂን ለድንች ከተሰጠ፣ አባቴም ያንን መርዝ በጀርባው ማዘሉን ከተወ፣ ምኑን ነው የምንፈራው? የምታውቁ አስረዱኝ። የምትቃወሙም ምክንያታችሁን ንገሩኝ፤ ከልቤ ነው የምጠይቀው።

2 — ዘሬ በእጄ

ጂ ኤም ኦ ያው ጂ ኤም ኦ ነው። ላብራቶሪ ገብቶ ከወጣ በኋላ «የራሱ ዘመድ ነው» ማለት ስም ማሳመር ነው። ለአባትህ ከልብ አዝናለሁ። መፍትሔው ግን ከውጭ የሚመጣ ዘር አይደለም። በዝርዝር እመለስበታለሁ።

3 — የጠርሙስ ቡቃያ

ሰላም የባንጃ ልጅ። የምሠራው ድንች በሕብረ ሕዋስ የሚባዛበት ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ጂን የማስገባቱን ሥራ እኔ አልሠራም። ግን የመንገዱ ግማሽ የዕለት ሥራዬ ስለሆነ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርህ።

ከድንች ግንድ ጥቃቅን ቁራጮች ይቆረጣሉ። አግሮባክቴሪየም የሚባል በአፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ አለ። ይህ ባክቴሪያ ከራሱ ዲ ኤን ኤ ቁራጭ ቆርሶ ወደ ተክል ሴል ማስገባት በተፈጥሮው ይችልበታል። ተመራማሪው በሽታ የሚያመጣውን ቁራጭ ያወጣና በቦታው የዱር ድንች ጂን ያስቀምጣል። የግንዱ ቁራጮች ከባክቴሪያው ጋር ጥቂት ቀን አብረው ይቆያሉ። ከዚያ ባክቴሪያው ይገደላል፤ ቁራጮቹ ምግብ ባለው ጄል ላይ ቡቃያ እስኪሰጡ ይጠበቃሉ። እኔ በየቀኑ የማየው ያንን ቡቃያ ነው። የትንሽ ጣት ጥፍር ያህላል። አንድ ጥንድ ቅጠል አውጥቶ ጠርሙሱ ውስጥ ቀጥ ብሎ ሲቆም ደስ ይላል።

ዋናው ልዩነት ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። በተለመደው አሠራር ጂኑ የገባበትን ቡቃያ ለመለየት፣ አንቲባዮቲክ የሚቋቋም የባክቴሪያ ጂን አብሮ ይገባል። አንቲባዮቲክ ይጨመርና የተረፈው ይወሰዳል። ሲስጄኒክ ለመባል ይህ የባክቴሪያ ጂን መኖር የለበትም። ወይ ከጅምሩ አይገባም፣ ወይ በኋላ ተቆርጦ ይወጣል። ከጅምሩ ካልገባ ደግሞ ቡቃያዎቹን አንድ በአንድ በፒ ሲ አር (ጂኑ መኖሩን በሚለይ የላብራቶሪ ምርመራ) ማየት ነው። ጂኑን ይዘው የሚገኙት ጥቂቶች ናቸው። አድካሚ ሥራ ነው፤ ግን ይቻላል።

ሌላም መስፈርት አለ። ጂኑ የሚወሰደው ሙሉውን ነው። መቼና የት እንደሚሠራ የሚያዘው የፊት ክፍሉ፣ መሐሉ፣ መጨረሻው፣ በተፈጥሮ ተቀምጦ እንደነበረው ሳይነካ ይገባል። ከተለያዩ የድንች ጂኖች ቁርጥራጭ ገጣጥመህ አዲስ ነገር ከሠራህ ሲስጄኒክ አይባልም፤ «ኢንትራጄኒክ» ነው። የአሜሪካው የሲምፕሎት ኩባንያ «ኢኔት» ድንች ከዚህኛው ወገን ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በ2014 ፈቅዶታል። የመጀመሪያው ኢኔት የተሠራው የድንቹን የራሱን ጂኖች ዝም በማሰኘት ነው። በዚህም ሲጋጭ ቶሎ አይጠቁርም፤ ሲጠበስም አክሪላማይድ የሚባለው ጎጂ ንጥረ ነገር ይቀንስለታል። በሁለተኛው ትውልድ ላይ ከአርጀንቲና የዱር ድንች የተገኘ የምች መከላከያ ጂን ታከለበት።

ለዘሬ በእጄ፦ ወንድሜ፣ «ላብራቶሪ ገብቶ ከወጣ» ያልከውን ብቻ ልመልስልህ። የስኳር ድንችን ታሪክ እይ። በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የምንበላው ስኳር ድንች በውስጡ የአግሮባክቴሪየም ጂኖች አሉት። ማንም ላብራቶሪ አላስገባቸውም። ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ሜዳ ላይ የገቡ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው «የት ገባ?» ሳይሆን «ምን ገባ? ምን ይሠራል?» ቢሆን ይሻላል።

4 — ራይን ዳር

እኔ የምማረው እዚሁ ኔዘርላንድ፣ ዋገኒንገን ነው። የባንጃ ልጅ ያነሳው ነገር የተጀመረው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልጨምር።

የኔዘርላንድ ድንች አምራች በአንድ የምርት ወቅት ከ10 እስከ 15 ጊዜ ለምች ይረጫል። ባለትራክተር ነው፣ ጭምብልም አለው፤ መርጨቱ ግን አልቀረለትም። ስለዚህ መንግሥት ከ2006 እስከ 2015 የቆየ የምርምር ፕሮጀክት በገንዘብ ደገፈ። ወጪው ወደ 10 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። ተመራማሪዎቹ ከደቡብና ከመካከለኛው አሜሪካ የዱር ድንቾች የምች መከላከያ ጂኖችን ለይተው ገበሬው ወደሚያውቃቸው ዝርያዎች አስገቡ። አንዱ «ዴዚሬ» የሚባለው ቀይ ድንች ነው። የመርጫ መድኃኒቱ ከ80 በመቶ በላይ ሊቀንስ እንደሚችል በማሳ ሙከራ አሳይተዋል።

«በተፈጥሮ የሚዳቀል ከሆነ ለምን አያዳቅሉትም?» የሚል ይኖራል። እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። መልሱን ያገኘሁት ከአንድ የዱር ድንች ታሪክ ነው። ሶላነም ቡልቦካስታነም ይባላል፤ አገሩ ሜክሲኮ ነው። ምችን ድንቅ አድርጎ ይቋቋማል። ግን ከምንበላው ድንች ጋር በቀጥታ አይዳቀልም። አዳቃዮች መጀመሪያ ከሌላ ዱር ድንች ጋር፣ የተገኘውን ደግሞ ከሌላ ጋር፣ በመጨረሻም ከሚበላው ድንች ጋር፣ እንደ ድልድይ እያሻገሩ አመጡት። ሥራው የተጀመረው በ1959 ነው። «ቢዮኒካ» እና «ቶሉካ» የተባሉት ዝርያዎች የወጡት በ2005 ነው። 46 ዓመት ሙሉ ለአንድ ጂን! የጀመሩት ሰዎች ጡረታ ወጥተዋል።

መዘግየቱ ብቻ ቢሆን ደግሞ ቀላል ነበር። ድንች ስታዳቅል የምትፈልገውን ጂን ብቻ አትወስድም። የዱሩ ምሬት፣ የዱሩ ትንሽነት፣ የዱሩ መዘግየት አብሮ ይመጣል። ከዚያም በላይ ያ የወደድከው ዝርያ ይጠፋል። ድንች እያንዳንዱን ጂን በአራት በአራት ቅጂ ነው የሚይዘው። ሁለት ድንች አዳቅለህ ፍሬውን ብትዘራ እንደ እናቱ የሆነ አንድም አታገኝም። ዝርያውን የምናቆየው ድንቹን ራሱን መልሰን በመትከል ነው። ስለዚህ ዴዚሬን ዴዚሬ አድርገህ እያቆየህ አንድ ጂን ልትጨምርላት ብትፈልግ፣ በማዳቀል አይሆንም። የሲስጄኒክ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ፖም ላይም እንዲሁ ነው፤ «ጋላ» ለተባለው ፖም ከዱር ፖም የእከክ በሽታ መከላከያ ጂን ሰጥተውታል፤ ጋላነቱ አልጠፋም።

5 — አትክልት ተራ

እኔ ሳይንሱን አላውቅም። ድንች ነጋዴ ነኝ። ራይን ዳር ስለ ዝርያ ያልከው ግን ልክ ነው፤ ላረጋግጥልህ።

ለችፕስ የሚገዛኝ ደንበኛ አለ። ጆንያው ሲፈታ አንዱን ድንች ያነሳና በቢላ ለሁለት ይከፍለዋል። ሁለቱን ግማሽ ገጭ አድርጎ ያጋጥምና ይጠብቃል። ውሃ ካንጠባጠበ አይወስድም። ለወጥ የሚገዙት እናቶች ደግሞ ሌላ ነው የሚፈልጉት። «ጉዳኔ ነው? በለጠ ነው?» ብለው በስም ይጠይቁኛል። አዲስ ስም ያለው ድንች ባመጣ በዋጋ ዝቅ ካላልኩ ማንም አይነካውም። ሰው የለመደውን ነው የሚፈልገው።

ምቹም የገበሬው ብቻ ጉዳይ አይደለም። ዝናብ ላይ የተነቀለ ድንች ላዩ ደህና መስሎ ይመጣል። ከታች አንድ የታመመ ካለ በሁለት ቀን ጆንያው ይረጥባል፤ በሦስተኛው ቀን ትንኝ ይወረዋል። ግማሹን ጥዬ ግማሹን በውርደት የሸጥኩበት ቀን ብዙ ነው። «በለጠ» ስሙም ጣዕሙም ሳይቀየር ምች የሚችል ከሆነ እኔ በደስታ እገዛለሁ።

6 — ዘሬ በእጄ

ቃሌን ጠብቄ ተመልሻለሁ። የጠርሙስ ቡቃያ እህቴ፣ ስለ ስኳር ድንቹ አመሰግናለሁ፤ አላውቅም ነበር። ስጋቴ ግን ጂኑ ሆዴ ውስጥ ምን ያደርጋል የሚል አይደለም። «ዘሩ የማን ነው?» የሚል ነው።

የጤፍን ነገር አስታውሱ። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አስመዝግቦ ነበር። የእናቶቻችን እጅ ሲሠራው የኖረውን ማለት ነው። ፓተንቱን እዚያው ኔዘርላንድ የሄግ ከተማ ፍርድ ቤት ፈጠራ የለበትም ብሎ የሻረው በ2018 መጨረሻ ነው። ያውም የተሻረው ኩባንያው ራሱ ሌላውን ከሶ ፍርድ ቤት በመሄዱ ነው።

ገብሱንም ልንገራችሁ፤ ይህን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ የጀርመን ተመራማሪዎች ከአገራችን የገብስ ዘር ሰብስበው ሄዱ። ከዚያ ውስጥ አመዳይ የሚባለውን የቅጠል በሽታ የሚቋቋም ጂን ተገኘ። ስሙ ኤም ኤል ኦ 11 ነው። ከ1979 ጀምሮ በአውሮፓ የበልግ ገብስ ውስጥ ገብቶ እስከ ዛሬ ያንን በሽታ አስታግሶ ይዟል። የገብስ ቢጫ አቀጭጭ ቫይረስን የሚቋቋመው ጂንም ከኢትዮጵያ ገብስ ነው፤ ካሊፎርኒያ ድረስ ሄዷል። ይህ ሁሉ በተለመደው ማዳቀል የተሠራ ነው። ያኔ ዘር የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ሀብት ነው ይባል ስለነበር የሚጠይቅ ሕግም አልነበረም። አገሮች በዘር ሀብታቸው ላይ ያላቸውን መብት ያወቀው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት የመጣው በ1992 ነው።

እንግዲህ አስቡት። ለሲስጄኒክ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? የዱር ዘመድና የአገር ዘር ጂን ነው። ይህ ደግሞ ያለው እኛን በመሰሉ አገሮች ነው። የድንቹ ከፔሩና ከሜክሲኮ፣ የገብሱ፣ የጤፉና የቡናው ከእኛ። ጂኑን ከማሳችን ወስዶ በፓተንት አጥሮ መልሶ የሚሸጥልን ከሆነ «የራሱ ዘመድ ነው» የሚለው ቃል ለእኔ ጭራሽ ያማል። ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ዕድሜያቸውን ሙሉ የተሟገቱት ስለዚህ ነበር። በ2000 የጸደቀው የካርታኼና ፕሮቶኮል (ስለ ልውጥ ሕያው ደህንነት የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ሲረቀቅ የአፍሪካን ወገን የመሩት እሳቸው ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። የኢኔትን ድንች ምርምር የመሩት ሳይንቲስት በኋላ ከኩባንያው ወጥተው የገዛ ሥራቸው ተቺ ሆነዋል። የሠራው ሰው ሲጠራጠር እኔ ብጠራጠር አይፈረድብኝም።

7 — አረንጓዴ ደጋ

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁን በጥሞና እያነበብኩ ነው። 31 ዓመት የግብርና ልማት ሠራተኛ ሆኜ ደጋውን ዞሬዋለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ድንች ከሁሉ የበለጠ የሚያፈራው በክረምት ዝናብ ነበር። ገበሬው ግን ክረምትን እየሸሸ በበልግና በመስኖ ይተክላል። ያሸሸው ምች ነው። አፈሩ እያለ፣ ዝናቡ እያለ፣ ሰው ሐምሌና ነሐሴን ረሀብ ላይ ያሳልፋል። ስለዚህ ይህን ጂን «የመድኃኒት ወጪ ይቀንሳል» ብሎ ብቻ ማየት ያንሳል። ወቅት ነው የሚመልሰው።

ሁለተኛው ነገር ማስጠንቀቂያ ነው። ምች ብልጥ ነው። በሥራ ዘመኔ «ምች የምትችል ናት» ተብላ የመጣች ዝርያ ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደ ሌላው ስትጠቁር አይቻለሁ። ገበሬው «ዋሻችሁኝ» አለኝ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ዋሽተን አልነበረም፤ በሽታው ራሱን ቀይሮ ነው። አንድ ጂን ብቻ ይዞ የሚመጣ ድንች፣ ሲስጄኒክ ሆነ ሌላ፣ ያው ዕጣ ይገጥመዋል። እናንተ የተማራችሁት ስለዚህ ምን ትላላችሁ?

8 — ራይን ዳር

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት እዚህ በክፍል ውስጥ ከምንማረው ሁሉ የሚበልጥ ነው። ታሪኩም ይመሰክርልዎታል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከሜክሲኮው የዱር ድንች ከሶላነም ዴሚሰም አንድ በአንድ እየተዳቀሉ የገቡት ጂኖች አብዛኞቹ ተራ በተራ ተረትተዋል።

ለዚህ የተገኘው ዘዴ ጂኖቹን በአንድ ላይ መደራረብ ነው። በሽታው አንዱን ቁልፍ ቢከፍት ሁለተኛውና ሦስተኛው ይጠብቁታል። የዓለም አቀፉ የድንች ማዕከል ተመራማሪዎች ከኡጋንዳ ባልደረቦቻቸው ጋር ይህን አድርገዋል። «ቪክቶሪያ» የሚባለውን የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ድንች ወስደው ከሁለት የዱር ዘመዶች ሦስት ጂን ሰጡት። በ2019 ባወጡት ውጤት መሠረት የኡጋንዳ ማሳ ላይ ያለ ምንም ፀረ-ፈንገስ ሙሉ በሙሉ ተቋቁሟል። ሦስት ጂን በማዳቀል ወደ አንድ የታወቀ ዝርያ ማስገባት ግን፣ ከላይ ያልኩት 46 ዓመት ለአንዱ ከሆነ፣ እርስዎ ይገምቱት።

እዚህ ያሉትም «ተክለህ ተኛ» አይሉም። በየዓመቱ የበሽታው ዓይነት ይመረመራል። የመቋቋም አቅሙ መላላት ከጀመረ ትንሽ መጠን ያለው መድኃኒት ይረጫል። በኋላም የጂኖቹ ስብስብ ይለወጣል። ዝርያው ግን ያው ይሆናል። ይህን የሚከታተል ተቋም ከሌለ ጂኑ ይቃጠላል።

9 — ዘደብረ ማርቆስ

ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ከልቤ ልጠይቅ። ፈጣሪ ሁሉን እንደ ወገኑ ነው ያበቀለው። የዓሣን ጂን ለቲማቲም ሰጡ ሲባል ሰምቼ ያን ጊዜ ልቤ አልተቀበለውም። ይኼኛው ግን ወገኑን የጠበቀ ይመስላል። እናቴ ስትጾም የምትበላው ድንች ውስጥ ከእንስሳ የመጣ ነገር አለመኖሩን እርግጠኛ መሆን እፈልጋለሁ። በዚህ ረገድ ምን ትላላችሁ?

10 — የጠርሙስ ቡቃያ

ወንድሜ፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሲስጄኒክ በትርጉሙ ከእንስሳ ምንም ሊገባበት አይችልም። ከገባ ሲስጄኒክ አይባልም። የዓሣና የቲማቲሙ ደግሞ ሙከራ ላይ የቀረ ነው፤ ገበያ አልወጣም።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። «የራሱ ወገን ነው» ማለት ብቻውን «ጤናማ ነው» ማለት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ «ሌናፔ» የሚባል ድንች ነበር። በ1967 ወጣ። ከዱር ድንች ጋር በተለመደው መንገድ ተዳቅሎ የተገኘ ነው። ለችፕስ ግሩም ነበር። ግን ሰዎች ከበሉት በኋላ ታመሙ። ሲመረመር ድንች ራሱ የሚሠራው ሶላኒን የመሰለው መርዝ ከመጠን አልፎ ተገኘበት። በ1970 ከገበያ ወጣ። ዲ ኤን ኤው ሁሉ የድንች ነው፤ ላብራቶሪ አልገባም። ግን አሳመመ።

ይህ ሁለቱንም ወገን ያስተምራል። አንድ ጂን ብቻ ነጥሎ መውሰድ የዱሩን መርዝ ከኋላ ስለሚያስቀር በዚህ በኩል ይሻላል። በሌላ በኩል ጂኑ በክሮሞሶም ላይ የት እንደሚያርፍ አስቀድመህ አትወስንም። ሌላ ጂን መሐል ሊገባ ይችላል። ለዚህ ነው ብዙ ቡቃያ ተዘጋጅቶ፣ ማሳ ላይ ታይቶ፣ የመርዙ መጠን ተለክቶ ጥቂቶቹ ብቻ የሚመረጡት። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2012 ይህን መርምሮ፣ የሲስጄኒክ ተክል ሥጋት በማዳቀል ከተገኘው ጋር ተመሳሳይ ነው ብሏል። ያም ሆኖ እያንዳንዱ ለብቻው ቢመረመር እኔ እመርጣለሁ።

11 — የእንሰት ልጅ

ድንቹን ስታወሩ እኔ የማስበው እንሰትን ነው። አጠውልግ ገብቶ የአያቴን ጓሮ ሲያጠፋው አይቻለሁ። ቅጠሉ ከመሐል ይጠወልጋል፤ ግንዱን ስትቆርጠው ቢጫ ዝቃጭ ያወጣል። ቢላውን በእሳት ሳታሳልፍ ሌላውን ከቆረጥክ እሱንም ገደልከው። ለእንሰት እየተሞከረ ያለው ጂን ከጣፋጭ ቃሪያ የመጣ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ለምን ከእንሰት አይወሰድም?

12 — የጠርሙስ ቡቃያ

እህቴ፣ የዚህ ዘዴ ድንበሩ እዚህ ላይ ነው። ሲስጄኒክ የሚሠራው ከዘመድ ውስጥ ጂኑ ያለው ሲገኝ ነው። እንደ «ማዚያ» ያሉ አጠውልግን ትንሽ የሚታገሡ የእንሰት ዓይነቶች አሉ። መታገሥ ግን መቋቋም አይደለም። የሙዝ የዱር ዘመድ የሆነው ሙሳ ባልቢሲያና አጠውልግን ይቋቋማል፤ ግን ሙዝና እንሰት ቤተሰብ ቢሆኑም አይዳቀሉም። ስለዚህ ከሙዝ ቢወሰድም ሲስጄኒክ አይባልም። የቃሪያውም በሕግ ፊት ያው ልውጥ ሕያው ነው። ቃሪያ ደግሞ በየቀኑ የምንበላው ነገር ነው። እኔ እዚህ ላይ «የማን ወገን ነው» የሚለው መስመር ብቻውን ሊመራን እንደማይችል ይታየኛል።

13 — ራይን ዳር

ስለ ሕጉ በአጭሩ። የካርታኼና ፕሮቶኮል ልውጥ ሕያው የሚለው በዘመናዊ ባዮቴክኖሎጂ የተገኘ አዲስ የዘረመል ቅንጅት ያለውን ነው። ጂኑ ከየት መጣ አይልም። ኢትዮጵያም የፕሮቶኮሉ አባል ናት፤ የራሷም አዋጅ አላት፤ ቁጥር 655/2001፣ በኋላ በ896/2007 የተሻሻለው (ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው)። አውሮፓ ኅብረትም ሲስጄኒክን ከሌላው ልውጥ ሕያው ጋር ይዞት ነበር። የአውሮፓ ኮሚሽን በሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ይህን ለማላላት የሕግ ረቂቅ አቅርቧል። ስለዚህ የባንጃ ልጅ፣ በፕሮቶኮሉ ቋንቋ መልሱ «አዎ፣ ልውጥ ሕያው ነው» የሚል ነው። መሆን አለበት ወይ የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ እኔ በአንተ በኩል ነኝ።

14 — የባንጃ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ለአባቴ ደውዬ ይህን ሁሉ ነገርኩት። የዱሩን ድንች፣ ሦስቱን ጂን፣ ኡጋንዳን፣ ሌናፔንም ጭምር። ዝም ብሎ ሰማኝ።

የጠየቀኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው «ጉዳኔ ጉዳኔነቷን ትይዛለች?» የሚል ነው። ትይዛለች አልኩት።

ሁለተኛው «ዘሩን ለጎረቤት ብሰጥ የሚከሰኝ አለ?» የሚል ነው። መልስ አጣሁለት። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ እኛ አገር ዘር ድንች ተበድሮ የማያውቅ ቤት የለም። እኛም በመጥፎ ዓመት የተከልነው ከጎረቤት በተሰጠን ነው። ዘሬ በእጄ፣ መጀመሪያ ላይ አልገባኝም ነበር። አባቴ ሳያነብህ የአንተን ጥያቄ ነው የጠየቀኝ።

15 — ዘሬ በእጄ

የባንጃ ልጅ፣ ለአባትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። «እሰጣለሁ፤ የሚከሰኝም የለም» ብሎ በጽሑፍ የሚያረጋግጥለት ካለ እኔ ተቃውሞዬን ላነሳ ዝግጁ ነኝ። በልቤ ያለው ይህ ነው። ጂኑን አልጠላሁትም።

16 — ራይን ዳር

ይህ የሚወሰነው ድንቹ ከመሠራቱ በፊት ነው። ጂኖቹ ላይ ፓተንት ያላቸው ክፍሎች አሉ። ስለዚህ ሥራው ሲጀመር ነው «ገበሬው መልሶ ይተክላል፣ ለጎረቤቱም ይሰጣል» የሚል ውል የሚታሰረው። የድንች ማዕከሉ የሕዝብ ተቋም ነው። ከእንደዚህ ካለው ጋር የአገራችን ምርምር አብሮ ቢሠራ ይህን ቀድሞ መጠየቅ ይችላል። ከኩባንያ ተገዝቶ ከመጣ በኋላ ግን መጠየቂያው ጊዜ አልፏል።

17 — አረንጓዴ ደጋ

የባንጃ ልጅ፣ አባትህ ብልህ ሰው ነው። ጂኑ እስኪመጣ ግን የዘንድሮው ማሳ አይጠብቅም። ንገርልኝ። ካለፈው ዓመት ቀርቶ በራሱ የበቀለውን ድንች ሁሉ ይንቀል፤ ምች የሚከርመው እዚያ ነው። የበሰበሰውን ከማሳው ዳር አይከምር፤ ጉድጓድ ቆፍሮ ይቅበረው። አፈሩን ከፍ አድርጎ ያልብሰው፤ ከቅጠሉ በዝናብ የሚወርደው በሽታ ሥር ያለው ድንች ጋ እንዳይደርስ። ቅጠሉ ከጠቆረ በኋላ አገዳውን አጭዶ ሁለት ሳምንት ይታገሥና ይንቀል። የመርጫውንም ጎማ አስቀይርለት። ያፈሰሰው ጀርባው ላይ ነው።

18 — የባንጃ ልጅ

እሺ ጋሼ፣ ሁሉንም እነግረዋለሁ። ጎማውን ዛሬ ገዛሁ፤ ጭምብልና ጓንትም ጨምሬ ነገ ጠዋት በሚሄደው መኪና እልክለታለሁ። አሁን ሲደውልልኝ ዝናቡ ሁለት ቀን አባርቶለታል። ስድስተኛውን ገና አልረጨም።